እህቴ በማነጻጸሪያው መደብ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አፈር ውስጥ ተተክሎ፣ ማሽሎች ቁመቴን ሲለኩኝ አየሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። ስሜ አበጀ ነው፤ የምሠራው ከሰፈራችን በታች ባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ የእኔ ድርሻ መለኪያውን እንጨት ከማሽላው ጎን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ቁጥሩን የሚያነበው ባለሙያው አቶ ልየው ነው። ማሽላው በመደብ በመደብ ተከፍሎ ተዘርቷል። አንዱ መደብ ውሃ እስኪጠግብ ይጠጣል፤ አንዱ ግማሽ ይጠጣል፤ አንዱ ምንም አይጠጣም። ምንም የማይጠጣው «ማነጻጸሪያ» ይባላል። እሱንም እንደሌሎቹ እየሄድን እንለካዋለን፤ ግን ቢጠወልግም ቢደርቅም ዓይናችን እያየ ምንም አናደርግለትም። ደንቡ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ስለቀረ ያ መደብ ከሩቅ ያስታውቃል።

በሕልሜ የመጡት ማሽሎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ረጅም፣ ራሱ ነጭ፣ የጎማ ቦቲ ያደረገ። ሌላው አጭርና ድፍን ያለ፤ እንጨቱን የያዘው እሱ ነበር።

«ቀና በል» አለኝ ረጅሙ።

ቀና ለማለት ሞከርኩ።

«አንገትህን ነው እንጂ ትከሻህን አላልኩህም።»

«እሱ እንዲህ ነው» አለ አጭሩ። «ሲያዩት ያጎነብሳል። ትናንትም እንዲሁ ነበር።»

«ወደ ብርሃን አይዞርም?»

«ኧረ! ወደ መሬት ነው የሚዞረው።»

«ንፋስ አጉብጦት ይሆን?»

«ንፋስ አይደለም፤ ዓይን ነው። ዓይን ሲያርፍበት ነው እንዲህ የሚሆነው።»

ረጅሙ ማሽላ አላመነም። ፊቱን አዞረ። እኔም ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ድንገት ዞር ብሎ አየኝ። አቀረቀርኩ። እንደገና ፊቱን አዞረ፤ እንደገና ቀና አልኩ። ደጋግሞ እንዲህ ሲያደርገኝ ከቆየ በኋላ በደስታ ቅጠሉን አጨበጨበ።

«ለአካባቢው ምላሽ ይሰጣል!» አለ። «በል ቅጠሎቹን ቁጠራቸው።»

አጭሩ እጄን ይዞ ጣቶቼን ቆጠረ።

«በወዲህ አምስት፣ በወዲያ አምስት። ግን ይቺ አንዷ ጠማማ ናት።»

«ተባይ በልቷት ይሆናል።»

«ተባይ አይደለም» አልኩ፣ ከጉሮሮዬ በማይወጣ ድምፅ። «የመኪና በር ነው።»

ሁለቱም ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይናገራል እንዴ?»

«አንዳንዱ ይናገራል» አለ ረጅሙ። «ማዳበሪያ ሲበዛበት ነው።»

ትተውኝ ወደሚቀጥለው ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ዙሪያዬን ያየሁት። ሜዳው ሙሉ ሰው ተዘርቷል። በመስመር በመስመር፣ እኩል እኩል ተራርቆ። ከቀኜ አንድ የባንክ ዘበኛ ከነጠመንጃው ተተክሏል። ከሱ ቀጥሎ ቬሏን ንፋስ የሚያወዛውዘው ሙሽራ አለች። ሙሽራው ሦስት መስመር አልፎ ስለተተከለ በእጅ ምልክት ነበር የሚነጋገሩት። ከግራዬ ያለው የሚኒባስ ረዳት ነው። እግሩ ከአፈሩ ንቅንቅ ሳይል «ወራጅ አለ? ወራጅ አለ?» ይላል። የሚመልስለት የለም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበርም እዚያው ነበር። እሱን ግን በስሕተት ገልብጠው ስለተከሉት ከላይ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ድምፁ ከመሬት በታች ይሰማ ነበር። «የመጣንበትን ርቀት ስንገመግም» ይላል። ከዚያ አፈሩ ያጨበጭባል።

«ለምን አታቃኑትም?» ብዬ አንዲት የምታርም ሰርዶ ጠየቅኋት።

«ሥር ይዟል» አለችኝ። «እንዲህ ይሻለዋል። ደግሞ የሱ መስመር ባልተጠበቀ ሁኔታ ጥሩ ነው።»

በሜዳው መካከል ማማ ቆሟል። ማማው ላይ ወንጭፍ የያዙ ወፎች ተቀምጠዋል። ከበላያችን ሕፃናት በመንጋ እየበረሩ ይመጣሉ፤ ወፎቹ «ሆ! ሆ! ሰው መጣ!» እያሉ በወንጭፍ ይመልሷቸዋል። አንዲት ሕፃን ከመንጋው ተነጥላ ትከሻዬ ላይ አረፈች። ክብደት አልነበራትም።

«ፍሬ አለህ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«የለኝም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ተተከልክ?» አለችና በረረች። በዓይኔ ስከተላት ጠዋት ሆነ።

ጠዋት ሸምበቆዎች መጡ። እንደኛ ሰፈር ሴቶች ጄሪካን በገመድ አዝለዋል፤ ጎብጠው ይሄዳሉ፤ እየሄዱ ይሟገታሉ። አንዲት አሮጊት ሸምበቆ እኔ ዘንድ ስትደርስ ጄሪካኗን አውርዳ እግሬ ሥር አፈሰሰችልኝ።

«ጠጣ የኔ ልጅ። እስኪበቃህ ጠጣ። ያንተ መደብ ጠጪ ነው።»

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። በእግሬ ገብቶ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ ደረቴ ሲወጣ ይታወቀኝ ነበር። ከዚያ ማደግ ጀመርኩ። የሱሪዬ እግር ወደ ባቴ ወጣ። እጅጌዬ ክርኔ ላይ ደረሰ። የሸሚዜ ቁልፍ ተፈናጥሮ የባንኩን ዘበኛ ግንባሩን መታው፤ እሱም ጠመንጃውን አቀባብሎ «ማን ነህ? ነገ ና፣ ተዘግቷል!» አለኝ። ባፍርም ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ኋላ የምቆም ሰው ነኝ፤ አሁን የሁሉንም ሰው አናት አያለሁ።

የሁሉንም አናት ሳይ ከቦዩ ማዶ ያለውን መደብ አየሁት። የደረቀ ነው። አፈሩ ተሰነጣጥቋል። እዚያ የተተከሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። በመካከላቸው፣ ነጭ ምልክት እግሯ ሥር ተተክሎ፣ ታናሽ እህቴ ፋንታዬ ቆማለች።

ፋንታዬ ማለት የእኔ አፍ ናት። ሱቅ ሄደን እኔ ያፈርኩትን የምትጠይቅ፣ ጎረቤት ሲመጣ እኔ ጓዳ ስገባ ወጥታ የምታጫውት እሷ ናት። ከቤት ስንወጣ እስከ ትከሻዬ ትደርስ ነበር። አሁን ግን እኔ ማደጌን ብቻ አይደለም ያየሁት፤ እሷ አጥራለች። ቀሚሷ ሰፍቷት እንደ ሌላ ሰው ቀሚስ ሆኗል።

«ፋንታዬ!»

«አቤት!»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቆሜያለኋ። አንተስ?»

«እኔም ቆሜ ነው።»

«ኧረ አበጀ፣ ግመል አክለሃል እኮ! ከእንግዲህ በራችን አያስገባህም። ጣራውን አንስተን በላይ ነው የምናወርድህ።»

ትስቃለች። ስትስቅ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ወጣው። በምላሷ ጠረገችው።

«ውሃ አላመጡልሽም?»

«ይሄ መደብ አይጠጣም።»

«ጥሙ አልበረታብሽም?»

«እኔ ውሃ ብዙም አልወድም።»

«አንቺ? አንድ ጣሳ በአንድ ትንፋሽ የምትጨልጪው?»

«ያ ድሮ ነው» አለች።

«ዕጣ ነው የወጣብሽ?»

«ዕጣስ አልተጣለም። ሁለት ቦታ ነበር የቀረው፣ አንዱ የሚጠጣ፣ አንዱ የማይጠጣ። አንተ ገና አልመጣህም ነበር። ስለዚህ ቀድሜ መረጥኩ።»

«ለምን የሚጠጣውን አልመረጥሽም?»

«አንተ ዓይነ አፋር ነህ፤ ቢጠማህም አትናገርም። እኔ ቢያንስ እናገራለሁ።»

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ እንጂ።»

«ምን አሉሽ?»

«ጻፉት» አለች።

ወደሷ ለመሄድ እግሬን ነቀል አደረግሁ። አልተነቀለም። ቁልቁል ሳይ ጣቶቼ ወደ አፈሩ ሰርገው ሄደዋል። ስስበው ምድሩ ሁሉ አብሮ ሊነሳ ሆነ፤ ሙሽራዋ «ቀስ! ጫማዬን ነቀልከው!» ብላ ጮኸችብኝ።

የጣቢያው የበላይ አንድ ሽማግሌ ዘንጋዳ ማሽላ ነበር። ጋቢ ለብሶ በመስመሮቹ መካከል ሲያልፍ ጠራሁት። እኔ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«አባባ!»

«አቤት ልጄ።»

«ያቺ እህቴ ናት። ውሃ አላገኘችም።»

«አውቃለሁ። እሷ ማነጻጸሪያ ናት።»

«ትንሽ ቢሰጧትስ?»

ዘንጋዳው ክፉ አልነበረም። ቀረብ ብሎ በቅጠሉ ጀርባዬን ደባበሰኝ።

«ልጄ፣ ለሷ ውሃ ከሰጠናት አንተ ማደግህን በምን እናውቃለን?»

«እኔ ባላድግስ?»

«እሱማ አድገሃል። ያለፈ ነገር ነው።»

«እሷ እኮ ትደርቃለች።»

«ትደርቃለች።»

«አታዝኑም?»

«እንዴት አናዝንም? በየማለዳው መጥተን እናዝናለን። ከዚያ እንለካለን።» ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ሄደ። ሲሄድ በእውነት ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

በማግሥቱ ሸምበቆዋ መጥታ ስታፈስልኝ ውሃው ወደ ሥሬ ሳይገባ በሁለት እጄ ዘገንኩት። እጄ ረዝሞ ስለነበር ከቦዩ ማዶ ይደርሳል። ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ውሃው በጣቶቼ መካከል እየሾለከ ይፈሳል። ጠማማዋ ጣቴ ደግሞ አትገጥምም። ፋንታዬ ጋ ሲደርስ አንድ ጉንጭ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ተው አበጀ» አለች። «ያዩሃል።»

«ዝም ብለሽ ጠጪ።»

ጠጣችው። ፊቷ ላይ ሲወርድ፣ አንገቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ጉንጯ መለስ አለ። ዓይኗ በራ። ቁመቷም በጣት ስፋት ጨመረ። ያን ጊዜ ማማው ላይ ያሉት ወፎች ጮኹ።

«ውሃ ተሻገረ! ኧረ ውሃ ተሻገረ!»

ማሽሎቹ መጥተው እንደ ችግኝ ከነአፈራችን ነቅለው፣ እያንዳንዳችንን በጥቁር ላስቲክ አድርገው፣ በጋሪ ጭነው ወደ ዳኝነት ወሰዱን። ጋሪውን የሚጎትተው ባለጋሪው ነው፤ ፈረሱ ከላይ ተቀምጦ «ቀኝህን! ቀኝህን ያዝ አንተ!» ይለዋል።

ዳኛው ዋርካ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ጋር በአንድ በጣም ትልቅ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሰውዬው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ግራሩ፣ ወይራውና ዋንዛው በሆዱ ጥላ ሥር ተደርድረዋል።

«አትነቃነቅ እንጂ» አለ ግራሩ ወደ ላይ እያየ። «ፀሐይ አስገባህብን።»

«እጄ ዛለ ጌቶቼ» አለ ሰውዬው።

«ሰው መዛል የጀመረው መቼ ነው? የድሮ ሰው እንደሆነ ሰባት ዓመት ያለማቋረጥ ያጠላ ነበር።»

«የዘንድሮ ሰው ጥላው ስስ ነው» አለ ወይራው።

ዋርካው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደንቡን ልናገር» አለ። «ውሃ የጠጣ ማነጻጸሪያ፣ ማነጻጸሪያ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ይነቀላል።»

«ተነቅሎ ወዴት ይወሰዳል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አይወሰድም። ይነቀላል ነው ያልኩህ።»

ያን ጉንጭ ውሃ ከአፏ መልሼ ብወስደው፣ ከሆዷ አውጥቼ ወደ ቦዩ ብመልሰው ተመኘሁ። ፋንታዬ ግን ዳኛውን ቀጥ ብላ ታየው ነበር።

«ጠጥተሻል?» አላት።

«አልጠጣሁም» አለች። አገጯ ላይ ጠብታ አለ። በትከሻዋ ጠረገችው።

«ምስክር አለ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የዛፎቹ ቅጠል ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ወደኔ ዞረ። ያን ያህል ዓይን አይቶኝ አያውቅም። አልጠጣችም በል፣ አልጠጣችም በል እላለሁ በሆዴ። አፌ አልተከፈተም። እንደ ልማዴ አቀረቀርኩ።

«ጌታዬ» አለ አጭሩ ማሽላ፣ «ይህኛው ሲያዩት ያጎነብሳል። ከሱ ቃል አይገኝም።»

«እንግዲያው ትለካ» አለ ዋርካው። «ጠጥታ እንደሆነ አድጋለች፤ አድጋ እንደሆነ ትነቀላለች።»

አጭሩ እንጨቱን ይዞ ከጎኗ ቆመ። ረጅሙ ሊያነብ ጎንበስ አለ። ሁሉም አናቷን ይመለከታል። እኔ ብቻ ነኝ መሬት መሬት የማየው። ስለዚህ እኔ ብቻ አየሁ። የቀሚሷ ጠርዝ ቀስ ብሎ ወርዶ አፈሩን ነካ። ከቀሚሷ ውስጥ ጉልበቷን አጥፋለች። ከላይ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፊቷን ፈታ አድርጋ፣ ከታች እየተንቀጠቀጠች ራሷን ታሳጥራለች።

«ኧረ አላደገችም» አለ ረጅሙ። «እንዲያውም ቀንሳለች።»

«ለውሃውስ ምላሽ?» ሲል ዋርካው ጠየቀ።

«ምላሽ የለም።»

«ደግ። እንግዲያው በነበረችበት ትቀጥል» አለ ዋርካው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እፎይ አሉ። ከላይ ያለው ሰውዬም እፎይ ሲል እጁ ወረደ፤ ፀሐይዋ በአንድ ጊዜ ገባችና ዳኝነቱ በሩጫ ተበተነ።

ከዚያ የመስክ ቀን ነበር። የመስክ ቀን ማለት እንግዶች መጥተው ጥናቱን የሚጎበኙበት ቀን ነው፤ እኛም ጣቢያ ይደረጋል። ድንኳን ተተከለ። ጽጌረዳዎች፣ ቁልቋሎችና ባሕር ዛፎች በአውቶቡስ መጡ። ለሁሉም ቆብ ታደለ፤ ቁልቋሉ ቆቡን ሊያደርግ ሲል ተበሳበት። ባሕር ዛፉ ከፊት ወንበር ተቀምጦ የመጣውን ለስላሳ ሁሉ ብቻውን ጠጣው። «እሱን ከፊት ያስቀመጠው ማነው?» እያሉ ከኋላ ያጉረመርማሉ።

እኔንና ፋንታዬን ጎን ለጎን አቆሙን። ከተተከልን ጀምሮ እንዲህ ተቀራርበን አናውቅም። ራሷ ወገቤ ላይ ነበር።

«ቀና በይ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ። «ዳኝነቱ እኮ አልቋል። ጉልበትሽን ዘርጊው።»

«ዘርግቼዋለሁ» አለች።

ቀሚሷን አየሁ። ጠርዙ አፈር ላይ ነው። ጉልበቷ ግን በእውነት ተዘርግቷል።

ረጅሙ ማሽላ ድምፅ ማጉያ ይዞ መግለጽ ጀመረ።

«ክቡራን እንግዶች! እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ዘር የተገኙ ናቸው። አንድ ቤት፣ አንድ እናት። በዚህ በኩል የምታዩት ውሃ ሲያገኝ ነው። በዚህ በኩል የምትታየው ሳታገኝ ነው።»

«ኦ! ልዩነቱ!» አለች አንዲት ጽጌረዳ። እንባዋ መጣ። ከራሷ ቅጠል ቆርጣ ጠረገችና «አንድ ፎቶ ላንሳ? ትንሿ ትንሽ ወደፊት ትምጣልኝ» አለች።

ፋንታዬ ፈገግ አለችላት። እሷ እኮ እንግዳ ትወዳለች።

አጨበጨቡ። ብዙ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ አንድ መነጽር ያደረገ ጥድ እጁን አወጣ።

«ውጤቱ ግሩም ነው» አለ። «ሆኖም የአንድ ዓመት ውጤት አይታመንም። ለከርሞ ይደገም።»

«በዚሁ መደብ?»

«በዚሁ መደብ፣ በእነዚሁ ሰዎች።»

«በእነዚሁ ሰዎች!» ብለው ሁሉም አጨበጨቡ።

ለከርሞ። እኔ ፋንታዬ ለከርሞ ቀርቶ ለሳምንትም እንደማትደርስ አውቄ ነበር። አጠገቤ ቆማ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኝ ነበር። እሷ ግን እጇን አወጣች።

«እኔ እቆማለሁ» አለች። «እኔ ለምጄዋለሁ። እሱ እንደሆነ ደርቆ እንኳ ደረቅሁ አይልም፤ በምን ታውቁታላችሁ?»

እንግዶቹ ሳቁ። አንዳንዶቹ «ጎበዝ ናት፣ አንደበቷ ደግሞ» አሉ።

ያን ጊዜ ከሆዴ አንድ ነገር ተነሣ። ውሃው እንደወጣው፣ ከእግሬ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ ደረቴ ወጣ፤ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ቆመ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። ላቀረቅር አልኩ። ጎኔን ሳይ የፋንታዬ ፀጉር አፈር መስሏል።

«የለም!» ብዬ ጮህኩ። «የለም! ለከርሞ እኔ ልቁም! እሷን አጠጧት፣ እኔ ልድረቅ!»

አንገቴ ቀጥ አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ሳይሆን የዕፅዋት ሁሉ ዓይን ፊት ለፊት አየሁ። ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቀና አለ!» ሲል ጮኸ ረጅሙ ማሽላ። «ወገኖቼ ቀና አለ! ምን ቆመሃል፣ ለካው እንጂ፣ ቶሎ ለካው!»

አጭሩ እንጨቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። እንግዶቹም ለማየት ተጋፉ። «እሷን! እኔን ተዉኝ፣ እሷን!» እያልኩ ስጮህ የሚሰማኝ የለም። ሁሉም ወደ አናቴ ነው የሚያየው። ፋንታዬ በመካከላቸው ጠፋችብኝ። ቀሚሷን ብቻ ለመጨረሻ ጊዜ ከእግራቸው ሥር አየሁት። «ፋንታዬ!» አልኩ። «ፋንታዬ!» እንጨቱ ጀርባዬን ነካኝና ነቃሁ።

የእማዬ እጅ ነበር። ጎህ ቀዷል።

«በስመ አብ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው? ተነሥ፣ ሥራ ይረፍድብሃል።»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ፋንታዬ በሩ ሥር ተቀምጣ ፀጉሯን ትፈታለች፤ በሕይወት አለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እማዬ በትንሽ ሳህን ንፍሮ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ድስቱን አየሁ፤ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ፋንታዬ ነዪ፣ አብረን እንብላ» አልኳት።

«እሷ በልታለች» አለች እማዬ ቶሎ ብላ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። «አንተ ብላ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትቆመው አንተ ነህ።»

«በልቻለሁ» አለች ፋንታዬም።

«ምን በላሽ?»

እማዬን አየች። ከዚያ ሳህኑን አየች።

«እሱኑ» አለችና ምራቋን ዋጠች።